በጀልባ ጉዞ በራሪ ወረቀት ላይ አፖስትሮፊ የሚገባው የት ነው?

ጥያቄ፦ የጣና ዳር አታሚ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በባሕር ዳር ከጀልባ መነሻው ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ የሕትመት ቤት አለኝ፤ ሥራዬም የምግብ ቤት ሜኑ፣ ባነርና የጉብኝት በራሪ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። በቅርቡ ለጥቂት የጀልባ ባለቤቶች በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ 500 ቅጂ ያተምሁት ወረቀት ለአንዲት የውጭ አገር እንግዳ ደርሷቸው ኖሮ፣ እየሣቁ ሰባት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ አክብበው ለጀልባ ነጂው መለሱለት፤ እርሱም ምንም ሳይናገር አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ሰባቱም ክቦች ያረፉት አፖስትሮፊ በምትባለው፣ በፊደላት መካከል ከላይ በምትንጠለጠለው ምልክት ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ያለ ቦታዋ ስለገባች፣ ሌሎቹ ደግሞ መግባት ሲገባት ስለቀረች።

ጽሑፌ አንድ ወጥ እንዲሆን የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል እየጻፍሁ ምልክቷን ግን በእንግሊዝኛ በምትቀመጥበት ቦታ አኖራለሁ። የተከበቡት እነዚህ ናቸው፦ የሚከራዩ ጀልባዎች ለማለት «ቦት’ስ ፎር ሬንት»፣ ገዳማት ለማለት «ሞናስትሪ’ስ»፣ የጣና ሐይቅ ደሴቶች ለማለት «ሌክ ጣናስ አይላንድ’ስ» (እዚህ ላይ ሁለት ክብ ነው ያረፈው)፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኑ ለማለት «ኢት’ስ ኦልድ ቸርች»፣ የሁለት ቀን ጉዞ ለማለት «ቱ ዴይስ ትሪፕ»፣ በመጨረሻም እንዳያመልጥዎ ለማለት «ዶንት ሚስ»።

እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው በልማድ ነበር፤ ቃሉ በኤስ ፊደል ካለቀና ዐይኔ አንዳች ነገር የጎደለው ከመሰለው ምልክቷን እጨምራለሁ፣ ካልመሰለው እተዋለሁ። ወረቀቱን በራሴ ወጪ እንደገና ማተሜ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሳልጠይቅ ራሴው የምለይበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ከባድ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ፣ በአዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ልንገርዎ፤ ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጆሮ ሊፈርድ በማይችልበት ጉዳይ ጆሮውን ዳኛ ስላደረገ ነው። «ጋይድስ»፣ «ጋይድ’ስ» እና «ጋይድስ’» ሲነበቡ ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ የመጀመሪያው አስጎብኚዎች፣ ሁለተኛው የአስጎብኚው፣ ሦስተኛው የአስጎብኚዎቹ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለብዛትም ለባለቤትነትም ያንኑ ኤስ ስለሚያሠራት፣ ልዩነቱን የሚያሳየው ምልክቷ በወረቀት ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

የእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱን ሥራ ለሁለት ሠራተኞች አከፋፍሎታል። ባለቤትነትን «የ» ከፊት ሆኖ ይናገራል፤ ብዛትን «ኦች» ከኋላ ሆኖ ይናገራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሊጽፉ ያሰቡትን ነገር አስቀድመው በአማርኛ ይበሉት። «ጀልባዎች» ብለው «የ» ካልጨመሩ ነገሩ ብዛት ብቻ ነውና «ቦትስ» ብለው ይለፉ፤ ምልክቷ አትገባም። «የጀልባው ቀለም» ካሉ «የ» አለ፣ «ኦች» የለም፤ ስለዚህ «ዘ ቦት’ስ ከለር» ተብሎ ምልክቷ ከኤስ በፊት ትገባለች። «የጀልባዎቹ ቀለም» ካሉ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ አስቀድሞ ብዛቱ በኤስ ይፈጸምና ምልክቷ ከኤስ በኋላ ትቀመጣለች፣ «ዘ ቦትስ’ ከለር»። ከሰባቱ ክቦች አራቱን ይህ ብቻ ይፈታቸዋል፦ «ቦትስ ፎር ሬንት»፣ «ሞናስትሪስ» (በነገራችን ላይ በዚህ ቃል መጨረሻ ያለው ዋይ ፊደል ወደ አይና ኢ ተለውጦ ነው ኤስ የሚጨመርበት)፣ እንዲሁም «ሌክ ጣና’ስ አይላንድስ»። ጣና ባለቤት ስለሆነች ምልክቷን ትወስዳለች፤ ደሴቶቹ ብዙ ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ ስለሌላቸው አይወስዱም።

አሁን «የ» ወደሚያስትበት ቦታ ልለፍ። «ኢትስ» እና «ኢት’ስ» ብዙ የተማረ ሰው የሚወድቅባቸው ናቸው። «የእሱ ቤተ ክርስቲያን» ብለው በ«የ» ከፈተኑት ምልክቷን ሊያስገቡ ነው፤ ተሳሳቱ። ይልቁንስ ልብ ይበሉ፣ አማርኛ «ጣራው»፣ «በሯ»፣ «ቤቴ»፣ «ጀልባህ» ሲል ባለቤቱን በቃሉ ጭራ ላይ ቀጥሎ «የ»ን ጨርሶ አይፈልገውም። የእንግሊዝኛዎቹ «ማይ»፣ «ዩር»፣ «ሂስ»፣ «ኸር»፣ «ኢትስ» ከዚህ ጭራ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ባለቤትነቱ በውስጣቸው ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ምልክት አይጨመርባቸውም። «ሂስ»ን በምልክት ጽፎ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ «ኢትስ» የ«ሂስ» ታናሽ ወንድም እንደሆነ ያስቡት። በአንጻሩ «ኢት’ስ» የሁለት ቃላት እጥረት ነው፤ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ነው» ካለ፣ ለምሳሌ «ጥንታዊ ነው» ከሆነ፣ ምልክቷ ትግባ፤ «ቤተ ክርስቲያኑ» ከሆነ ትውጣ። «የማን» ለማለት የሚጻፈው «ሁዝ» እና «ማን ነው» ለማለት የሚጻፈው «ሁ’ስ»፣ «ጀልባህ» ሲባል የሚመጣው «ዩር» እና «ነህ» ሲባል የሚመጣው «ዩ’ር» የሚለዩትም በዚሁ ነው።

ስለ እጥረት ካነሣን፣ እኛም «ትምህርት ቤት»ን «ት/ቤት»፣ «ወይዘሮ»ን «ወ/ሮ» ብለን ስንጽፍ እዝባሩ የተነሡት ፊደላት በነበሩበት ቦታ ይቆማል። «ዶን’ት» ላይ ያለችው ምልክትም እንዲሁ ናት፤ «ዱ ኖት» ሲያጥር በኤንና በቲ መካከል የነበረችው ኦ ወድቃለችና ምልክቷ የምትቆመው በወደቀችው ፊደል ቦታ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በተጋጠሙበት ስፍራ አይደለም። ስለዚህ በዱና በኖት መካከል አድርጎ «ዶ’ንት» ብሎ የሚጽፍ ሰውም ተሳስቷል።

ጠያቂው፦ የጣና ዳር አታሚ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የቆዩ ሥራዎቼን ሁሉ አውጥቼ በ«የ» ስፈትናቸው አመሸሁ፤ አብዛኞቹም ተስተካከሉልኝ። ነገር ግን ሦስት ቦታ ላይ ተያዝሁ። «የጀልባ ጉዞ» ውስጥ «የ» ስላለ «ቦት’ስ ትሪፕ» ልበልን? «የዘጌ ቡና»ስ «ዘጌ’ስ ኮፊ» ነውን? ደግሞም «የሁለት ቀን ጉዞ» ውስጥ «የ» እንጂ «ኦች» የለም፤ በመምህር ሕግ መሠረት ምልክቷ ከኤስ በፊት ልትገባ ነው ማለት ነው፣ እኔ ግን እንጃ።

መልስ፦ የደሴቶቹ አስጎብኚ

መምህር ከፈቀዱልኝ ይህን እኔ ልመልሰው፤ በሥራዬ ከእንግዶች ጋር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ስመላለስ፣ የተናገርሁት ሁሉ ማታ በጽሑፍ ስለሚጠየቅ፣ በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ ወድቄ የተነሣሁ ነኝ።

የእኛ «የ» አንድ ሥራ ብቻ የለውም። «የማን?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል፣ «የምን?» ለሚለውም ይመልሳል። «የነጂው መቅዘፊያ» የማን ተብሎ ይጠየቃል፤ «የጀልባ ጉዞ»፣ «የእንጨት በር»፣ «የቤት ቁልፍ» የሚጠየቁት ግን የምን ተብለው ነው። እንግሊዝኛ ለ«የምን» ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይተዋል፤ «ቦት ትሪፕ»፣ «ሃውስ ኪ»። ምልክቷ የምትጠራው ለ«የማን» ነው። የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቡናው የየት አገር ዓይነት እንደሆነ ሲነገር «ዘጌ ኮፊ» ይባላል፤ ዘጌ እንደ ባለቤት ቆማ «የዘጌ ገዳማት» ስትባል ደግሞ «ዘጌ’ስ ሞናስትሪስ» ማለት ያስኬዳል። እዚህ ላይ ድንበሩ እንደ ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ውኃው አንዳንዴ ይገፋል አንዳንዴ ይሸሻል፤ ስለዚህ በጥርጣሬ ጊዜ ምልክቷን ማስቀረት ከማስገባት ያነሰ ያስቀጣል።

የሁለቱ ቀን ጉዳይ ግን ስሕተቱ የእንግሊዝኛችን ሳይሆን የአማርኛችን ጠባይ ነው። እኛ ቁጥር ከጠራን በኋላ ስሙን ማብዛት ግድ አይለንም፤ «ሁለት ቀን»፣ «ሦስት ጀልባ» ብለን እናልፋለን፤ ብዛቱን ቁጥሩ ራሱ ነግሮልናልና። እንግሊዝኛ ግን ቁጥር ተጠርቶም ኤስን ይጠይቃል። ስለዚህ ቁጥር ከአንድ ከበለጠ «ኦች» በዝምታ እንዳለ ቆጥረው «ቱ ዴይስ’ ትሪፕ» ይጻፉ፤ አንድ ቀን ከሆነ «ዋን ዴይ’ስ ትሪፕ» ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ለመገላገል በሰረዝ አያይዤ «ቱ-ዴይ ትሪፕ» እላለሁ፤ በዚህ አጻጻፍ ቀኑ እንደ እኛው አማርኛ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፣ ኤስም ምልክትም አይፈልግም፤ ለበራሪ ወረቀትም ይበልጥ የሚያምረው ይኸኛው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀልባው የሁለት ሰዎች የጋራ ከሆነ የመጨረሻው ስም ብቻ ምልክቷን ይወስዳል፤ «አበበ ኤንድ ከበደ’ስ ቦት»። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጀልባ ካላቸው ግን ለሁለቱም ይደረጋል፤ «አበበ’ስ ኤንድ ከበደ’ስ ቦትስ»። በአማርኛ «የአበበና ከበደ» እና «የአበበና የከበደ» ስንል ያለውን ልዩነት ያስታውሷል፤ ምንም እንኳ እኛ በንግግር ሁልጊዜ ባንጠነቀቅበትም።

«ዶን’ት»ን በተመለከተ ግን ከመምህር በጥቂቱ እለያለሁ፤ ሕጉ ልክ ቢሆንም ለገዳማቱ ደጃፍ በሚለጠፍ ማሳሰቢያ ላይ እጥረት ባይገባ ይሻላል። «ጫማ ለብሶ መግባት አይቻልም» የሚለውን በተከበረ ቦታ የሚያነብ ሰው «ዱ ኖት» ተብሎ ሙሉው ሲጻፍለት ይመጥነዋል። እጥረት የወሬ ቋንቋ ነው፤ በማስታወቂያና በጨዋታ ያምራል፣ በደብዳቤና በማሳሰቢያ አያምርም።

መልስ፦ የቋንቋ ተማሪ

ውይይቱ ደስ ብሎኛልና ከየት እንደመጣ ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሕጉን አይረሳውምና። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ ዞር ማለትን፣ መራቅን ያመለክታል፤ ምልክቷ ወደ እንግሊዝኛ የገባችው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ሥራዋ መምህር ያሉት ብቻ፣ የወደቀ ፊደልን ቦታ መጠበቅ ነበር። ጥንታዊው እንግሊዝኛ የብዙ ስሞችን ባለቤትነት በኢና በኤስ ይገልጽ ነበር፤ «የንጉሡ» ለማለት «ኪንገስ» ይባል ነበር። ውሎ አድሮ ኢዋ ከአነጋገር ወደቀችና በቦታዋ ምልክቷ ቆመች፤ «ኪንግ’ስ»። ስለዚህ የባለቤትነቷ ምልክት ራሷ በትውልዷ እጥረት ናት። እኛ «የአባቴ»ን «ያባቴ»፣ «ለእኔ»ን «ለኔ» ስንል ድምፁን ውጠን ምንም ምልክት ሳናቆም እናልፋለን፤ እነርሱ ግን ለወደቀው ሁሉ ምልክት አቆሙ። ከብዙ ቁጥር ኤስ በኋላ የምትቀመጠው ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የረጋች ናት፤ እዚያ የወደቀ ፊደል ስለሌለ ብዙ ጊዜ አከራክራለች።

«ኢትስ»ም ቢሆን ከጥንት የነበረ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 5 ላይ «ኢትስ» ልንጠብቅ በምንችልበት ቦታ «ኢት» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ቃሉ ከተለመደ በኋላም በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች ዛሬ ስሕተት በምንለው መንገድ፣ በምልክት ይጽፉት ነበር። ስለዚህ ወንድም ዓለም፣ ያቺ እንግዳ የሣቁበት አጻጻፍ የአገራቸው አያቶች አጻጻፍ ነው። ለብዛት ምልክቷን ማስገባትንም እንግሊዞች ራሳቸው «የአትክልት ነጋዴ አፖስትሮፊ» ብለው ይቀልዱበታል፤ በገበያቸው ቲማቲምና ድንች ላይ የሚለጠፈው ዋጋ በዚህ ስሕተት የታወቀ ስለሆነ ነው። ጡረተኛው ጋዜጠኛ ጆን ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2001 አፖስትሮፊን የሚጠብቅ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰው ነበር፤ በ2019 ግን ድንቁርናና ስንፍና አሸነፉ ብለው ዘጉት፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው መልሶ ከፈተው።

የእኒህ ሰው ስም ራሱ በኤስ ያለቀ መሆኑ ለእኛም ጥያቄ ያስነሣል፤ ዮሐንስና ፋሲለደስ በበራሪ ወረቀቶቻችን ላይ በየቀኑ የሚመጡ ስሞች ናቸውና። «ዮሐንስ’ስ» ብሎ ሌላ ኤስ መጨመርም፣ «ዮሐንስ’» ብሎ መተውም ተቀባይነት አለው፤ የአሜሪካ ጋዜጦች በብዛት የሚከተሉት ሁለተኛውን ሲሆን፣ የመጻሕፍት አሳታሚዎች በብዛት የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። የማይፈቀደው በአንድ ወረቀት ላይ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች መጻፍ ነው።

በቦታ ስሞች ደግሞ ሕጉን ፈጽመው ይርሱት፤ የተመዘገበውን ብቻ ይከተሉ። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በፒካዲሊ መስመር ላይ ተከታትለው ከሚገኙት ጣቢያዎች «ኧርል’ስ ኮርት» ምልክት አለው፣ «ባሮንስ ኮርት» የለውም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመው የመልክዐ ምድር ስሞች ቦርድ የባለቤትነትን ምልክት ከቦታ ስሞች ሲያስወጣ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ የፈቀደው ለአምስት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ከእነርሱም አንዷ እ.ኤ.አ. በ1933 የተፈቀደላት «ማርታ’ስ ቪንያርድ» ናት።

አታሚ ስለሆኑ ደግሞ ይህን ይጠንቀቁ፦ አንዳንድ የቆዩ የአገራችን ካርታዎችና መጻሕፍት ጣናን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ከቲ ቀጥሎ አፖስትሮፊ ያደርጋሉ፤ «ጢስ ዓባይ» ላይም እንዲሁ። ይህች ሌላ ናት፤ ባለቤትነትም እጥረትም አይደለችም። «ጣ»ን ከ«ታ» ለመለየት፣ ላቲኑ ለ«ጠ» ድምፅ የራሱ ፊደል ስለሌለው የቆመች ናት። «ግዕዝ» በላቲን ሲጻፍ መካከሉ ላይ የምናያትም የ«ዕ» እንደራሴ ናት። ደንበኛዎ የሚያመጡልዎት ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎ ከመጣ ስሕተት መስሎዎት አይሰርዙት፤ ራስዎ ሲጽፉ ግን በተለመደው፣ ያለ ምልክት በሆነው አጻጻፍ ይጠቀሙ፤ አለዚያ የጣና ባለቤትነት ሲመጣ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ምልክት ሊሰቀል ነው።

ጠያቂው፦ የጣና ዳር አታሚ

ወንድሞቼና መምህሬ፣ ያልጠየቅሁትን ጭምር ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የተስተካከለው ጽሑፍ እንዲህ ሆኗል፦ «ቦትስ ፎር ሬንት»፣ «ሞናስትሪስ»፣ «ሌክ ጣና’ስ አይላንድስ»፣ «ኢትስ ኦልድ ቸርች»፣ «ቱ-ዴይ ትሪፕ»፣ «ዶን’ት ሚስ»። ከዚሁ ጋር ሁለት ባነር ተጨምሮልኛል። አንዱ ለማርች 8 የሴቶች ቀን ሲሆን «ዊመንስ’ ዴይ» ብዬዋለሁ፣ ሴቶች ብዙ ናቸውና። ሌላው የአንድ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ነው፤ ቴሌቪዥኖችን «ቲቪ’ስ»፣ የ1990ዎቹ ሙዚቃ ለማለትም «1990’ስ ሚውዚክ» ብዬ ሠርቼያለሁ። ነገ ጠዋት ማተሚያው ላይ ስለሚወጡ ዛሬ ማታ ብትመለከቱልኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

በራሪ ወረቀቱ ተስተካክሏል፤ ባነሮቹን ግን እንዳያትሙ። «ዊመን» ቃሉ ራሱ ብዙ ነው፤ ኤስ ገና አልመጣበትም፤ ስለዚህ ምልክቷ ከኤስ በፊት ገብታ «ዊመን’ስ ዴይ» ይሆናል። «ሜን’ስ» እና «ቺልድረን’ስ»ም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ቀን የመጸዳጃ ቤት ምልክት መሥራትዎ አይቀርምና ያኑሩት። ቴሌቪዥኖቹ «ቲቪስ» ናቸው፤ ዘመኑም «1990ስ» ነው፤ ቀድሞ አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች ሁለቱንም በምልክት ይጽፏቸው ነበር፣ ዛሬ ግን ያለ ምልክት መጻፉ ነው የተለመደው። ምልክት ለብዛት የሚፈቀደው ነጠላ የላቲን ፊደል ሲበዛ ነው፤ ኤ ፊደልን አብዝተን ያለ ምልክት ከጻፍነው ሌላ ቃል ሆኖ ይነበባልና።

ባለሱቁ 19ን አስቀርቶ በ90 ብቻ ይጻፍልኝ ካለዎት ምልክቷ ከ90 በፊት ትገባለች፣ የወደቀው 19 ነውና። ኮምፒውተሩ ግን እዚያ ቦታ ላይ የጥቅስ መክፈቻ እየመሰለው ያዞርብዎታል፤ ጭራዋ እንደ 6 ሳይሆን እንደ 9 ወደ ታች መዞሩን በዐይንዎ አይተው ነው የሚያሳልፉት።